ጥርት ያለ ድምጽ

ፀጉር አስተካካዩን ልገድለው ነበር። ምላጩም ቅርብ ነበር። ያተረፈው እናቴ አጠገቤ መቀመጧ ብቻ ነው።

እስቲ ከመነሻው ልናገር፤ ስናደድ ሁሌም ከመሀል ነው የምጀምረው።

ሰፈራችን ውስጥ የአንድ አሮጌ ፊልም ወዳጆች አሉ። ወዳጆች ሲባሉ ያንስባቸዋል፤ ያበዱ ናቸው። አለቃቸው ይኼ ፀጉር አስተካካይ ሲሆን ሰው ሁሉ «ሊቀመንበር» ይለዋል። ምክትሉ የታክሲ ሹፌር ነው። ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡታል። ደንበኛ ገብቶ ስለ ዋናዋ ተዋናይት አንድ ክፉ ቃል ከተናገረ፣ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ይባረራል። ፊልሙ በሲዲ ይወጣል ከተባለ ዘመን የለውም። «ዘንድሮማ አይቀርም» ይላሉ፤ ዘንድሮ ያልፍና ሌላ ዘንድሮ ይመጣል።

እኔም ስጠብቅ ነበር። የኔ ግን ሌላ ነው። ያቺ ሁሉም የሚያብድላት ተዋናይት መልክ እንጂ ድምጽ አልነበራትም። በፊልሙ ውስጥ ከአፏ የሚወጣው የእናቴ ድምጽ ነው። እማዬ ያኔ የፊልም ድርጅቱ ታይፒስት ነበረች። ስቱዲዮ አስገብተው የተዋናይቷን ከንፈር እያየች እንድትናገር አደረጓት፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትልም ቃል አስገቧት። እማዬ ደግሞ ቃሏ ቃል ነው። ከቤተሰቡ ውጪ ያወቀ አልነበረም። በኋላ ጉሮሮዋን ታመመች፤ ሐኪሞቹ ሕይወቷን አትርፈው ድምጿን ወሰዱት። ዛሬ የምታወራው በእጇና በዓይኗ ነው፤ ሲብስባት ደግሞ ጠረጴዛ በማንኪያ እየደበደበች።

እውነቱን ልናገር? ድምጿን ረሳሁት። ያለችኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። ልጅ ሆኜ መንገድ ላይ ስጫወት በሩ ላይ ቆማ ስትጠራኝ፣ ሮጬ ስገባ፣ ቁጣዋም ምርቃቷም ትዝ ይለኛል። በምን ድምጽ እንዳለችው ግን ጠፋብኝ። ለጠላቴም አልመኘው። ሊቀመንበር ዘንድ የፊልሙ አሮጌ ካሴት ነበር፤ ለምኜው ሰማሁት፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ከዝናቡ ሥር ሰው እንዳለ ያስታውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ተስፋዬ ሲዲው ላይ ብቻ ነበር።

ባለፈው እሑድ ደረሰ። ሊቀመንበር ለደንበኛ ዘግቶ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። እማዬን ትልቁ መላጫ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ፔዳሉን በእግሩ እየረገጠ ከፍ አደረጋት። ለምን እንደመጣች አያውቅም፤ እንደነሱ የፊልሙ ወዳጅ መስላዋለች። ሹፌሩ የሲዲውን ሽፋን እንደ አዋጅ አነበበው፦ «በተመልካቾች ጥያቄ መሠረት ድምጹ በአዲስ መልክ የተሠራ!»

«የማን ጥያቄ መሰላችሁ?» አለ ሊቀመንበር ደረቱን ነፍቶ። «የኔ! ድምጹን አጽዱልን ብዬ ስንቴ ደወልኩላቸው!»

ፊልሙ ጀመረ። ምስሉ መስተዋት ነው። ተዋናይቷ በሩን ከፍታ ገባች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁ።

የወጣው የአንዲት ልጅ እግር ድምጽ ነው። ቀጭን፣ ልስልስ ያለ፤ ስልክ ላይ «እባክዎን ትንሽ ይጠብቁ» ከምትለው ሴት የተዋሱት የሚመስል። አላጸዱትም። አውጥተው ጣሉትና ሌላ ከተቱበት። ልንኩላት ብለው ዓይኗን አጠፏት ማለት ይኼ ነው።

«እንዴት ጥርት ይላል!» አለ ሊቀመንበር።

ቆሽቴ አረረ። «ካሴቱ የት አለ?» አልኩት።

«የቱ ካሴት?»

«አሮጌው ነዋ!»

«እሱማ ጣልኩት። አዲሱ እያለ ምን ይሠራል? የቆሻሻ መኪና ወስዶታል።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል። ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ ስም ስጠራ የምውል ሴት ነኝ፤ ጉሮሮዬ ሥራውን ያውቃል። «አንተ ደንቆሮ!» አልኩት፣ አባቴ የሚሆነውን ሰውዬ። «ማን አጽዱ በል አለህ? እዚያ ጫጫታ ውስጥ እናቴ ነበረች! የምታመልካት ሴትዮ አንድም ቃል አልተናገረችም! ሁሉንም የተናገረችው እቺ ናት፣ ይቺ እላይ የሰቀልካት! ድምጿ ከዚያ ሌላ የትም የለም፤ እሱንም ከቆሻሻ ጋር አስጠረግከው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ምስጢር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ሊቀመንበር እማዬን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ተመልሶ እማዬን አየ።

«እትዬ… እውነት ነው?»

እማዬ እኔን ትገላምጠኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ከፊልሙ አልነቀለችም። ተናዳለች። ንዴቷን አውቀዋለሁ፤ አፍንጫዋ ይነፋል። ጣቷን ወደ ተዋናይቷ አፍ ቀሰረች፤ ከንፈሯ ተከድኗል፣ ድምጹ ገና ያወራል። እንደገና ቀሰረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጹ የለም። ጭኗን በጥፊ መታች። እኔ ድምጿ ጠፋ ብዬ በምቃጠልበት ሰዓት እሷን ያንገበገባት የአዲሷ ልጅ ሥራ መበላሸቱ ነው!

ሪሞቱን ከሊቀመንበር እጅ ነጥቃ ድምጹን አጠፋችው።

ፊልሙ ዝነኛው የበር ትዕይንት ላይ ደርሶ ነበር። ባል ሻንጣውን አንስቶ ሊወጣ ነው፤ ሚስቱ፣ ተዋናይቷ ማለት ነው፣ ያቺን እብዶቹ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቋትን ነገር ልትለው ነው። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝና ወደ አፌ ጠቆመች። አንቺ በይው፣ ማለቷ ነው።

«አልልም! እኔ ምን አውቄ?»

አፈጠጠችብኝ። እጇን አነሳች። ተዋናይቷ ትንፋሽ ስባ ስትጨርስ የእማዬ እጅ ወረደ።

«ሂድ!» አልኩ፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድ። «በሩን ግን ክፍቱን ተወው። ስትመለስ የምዘጋብህ እኔ ነኝ!»

ቀደምኳት። ሴትዮዋ ገና ስታወራ እኔ ጨርሻለሁ። እማዬ ፊቷን አጨማዳ ፊልሙን ወደኋላ መለሰችው። ደገምኩ፤ አሁን ደግሞ ዘገየሁ። መለሰችው። ስንት ጊዜ እንደደጋገምን እንጃ። በመጨረሻ እጇን ብቻ እያየሁ፣ ሲዲውን ያወጡትንም ሐኪሞቹንም ሊቀመንበርንም በሐሳቤ እዚያ በር ላይ ሻንጣ አስይዤ አቆምኳቸውና አልኩት።

ከንፈሯ ላይ ልክ ገባ። ሰማሁት። የኔ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ከመንገድ ሮጬ የምገባለት ድምጽ ነው።

ሊቀመንበር ፎጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። «እሷ ናት» አለ ከፎጣው ሥር። «እሷው ናት፣ በስማም!» ሹፌሩ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

እማዬ ግን ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ተወው» የምትለዋ ላይ ትንሽ ስቻለሁ። እንባዬን በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝና ወደኋላ መለሰችው።