አልሸሽም ያሉት መነኩሴ

መሪጌታ ደሞዜ የቲያትሩ ታሪክ ተተርኮላቸው ሲያልቅ መጀመሪያ የጠየቁት፣ "ይኸን መነኩሴ ማን አመነኮሰው?" ብለው ነበር።

ተራኪዋ ሃና ናት፤ ከሐዋሳ መጥታ ደብረ ታቦር ላይ ቲያትር የምታስተምር ወጣት። ታሪኩ የባሕር ማዶ ነው። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች አሉ፤ የአንዱ ወንድ ልጅ ከሌላው ሴት ልጅ ጋር በፍቅር ይወድቃል። መነኩሴው በስውር ያጋባቸዋል። አባቷ ለሌላ ሊድራት ሲነሣ፣ መነኩሴው የሞተች የሚያስመስል መድኃኒት ይሰጣታል። ባሏ የእውነት የሞተች መስሎት መቃብሯ ላይ መርዝ ይጠጣል። ስትነቃ መነኩሴው አጠገቧ ነው፤ ግን የዘበኞች ኮቴ ሲሰማ ከሬሳው ጋር ጥሏት ይፈረጥጣል። እሷም በባሏ ጩቤ ራሷን ትገድላለች።

"ባገሩ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው ቅጠል የሚበጠብጠው?" አሉ መሪጌታ።

"የኔታ፣ እኔ የፈለግሁት መነኩሴውን የሚጫወተውን ተማሪዬን የመስቀል አያያዝ እንዲያሳዩልኝ ብቻ ነው።"

አሳዩት። አንዱአምላክ የሚባለው ተማሪ መስቀሉን እንደ ጭልፋ ነበር የሚይዘው። አያያዙ ተቃንቶ ሲያበቃ፣ በትዕይንቱ ዕለት የልጁ ድምፅ ተዘጋ። የመነኩሴውን ቃል በቃላቸው የያዙት መሪጌታ ብቻ ነበሩ፤ ድጓ ላጠና ሰው ይቺ ምን አላት!

"በስተርጅና አዝማሪ ሊሆኑ?" አሉ ባለቤታቸው እሜቴ ጥሩወርቅ።

"አዝማሪስ ይሸለማል" ብለው ወጡ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋብቻው ላይ መሪጌታ ከድርሰቱ የሌለ ምክር ለሙሽራው ጨመሩለት፤ ተመልካቹም "አሜን!" አለ። መቃብሩ ጋ ባልየውን የሚጫወተው ተስፋነህ መርዙን ጠጥቶ ደኅና አድርጎ ሞተ። ሙሽራዋን የምትጫወተው ዓይናለም ነቃች። ከመጋረጃው ጀርባ ኮቴ ተሰማ።

አሁን መሮጥ ነበረባቸው። እግራቸው ግን እንቢ አለ። ፊት ለፊት ጎረቤቶቻቸውና ያስተማሯቸው ዲያቆናት ተቀምጠዋል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንዲት ልጅ ከሬሳ ጋር ጥሎ መሮጥ?

"ይሂዱ እንጂ የኔታ!" አለች ዓይናለም በሹክሹክታ። "ልሞት ነው እኮ!"

"ማን ሊያስሞትሽ!" ብለው ጮኹ፤ ጩቤውን ከሟቹ ወገብ መዘው ተቀመጡበት።

የሟቹ ሆድ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዘበኞቹ ገቡ። "ያጋባኋቸው እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱንም የሰጠሁ እኔ ነኝ። ወላጆቻቸውን ጥሩልኝ!" አሉ መሪጌታ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

መጋረጃው ሲዘጋ ሃና ከጀርባው በንዴት ታለቅሳለች። "ሁለቱም መሞት ነበረባቸው፣ የኔታ!"

"አንዱ ሞቷል። አንድ አይበቃሽም?" ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ቅጠሉን መስጠቱስ ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል። ሽሽቱን ግን አልቻልሁም። ከነዚህ ሰዎች ጋር ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ።"

በማግስቱ የአንዱአምላክ ድምፅ ተመለሰ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ። ኮቴው ሲሰማ ልጁ እንደተጻፈው ከመድረኩ ዘሎ ወደ በሩ ሮጠ። ከእብናት የመጡት አቶ እሸቴ ግን ከፊት ወንበር ዱላቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት።

"ወዴት ነው? ልጅቷን ለማን ትተህ?"

"ተመለስ!" አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

ሃና ከጥግ ሆና መሪጌታ ላይ አፈጠጠች። እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። አንዱአምላክም ምርጫ አጥቶ፣ እያፈረ ወደ ልጅቷ ተመለሰ።