ናርዳ ትመለስ፣ ናርዳ ትቅር

የፊልም ሰዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው የሚለው ወሬ አዋሳ ከገባ ወዲህ፣ በአዲስ ከተማ ሰፈር ሻይ ቤቶች ከስኳር መጥፋት ይበልጥ የሚወራው የናርዳ ነገር ሆነ። ስኳር አጥቶ ሻዩን በከረሜላ የሚጠጣው ሰው ሳይቀር ከረሜላዋን ወደ አንድ ጉንጩ ገፋ ያደርግና «ትመለሳለች» ወይም «አትመለስም» ይላል።

ናርዳ «የናርዳ ደወል» የተባለው ልብ ወለድ ባለታሪክ ናት። በሐይቅ ሥር ያለች ከተማ የላይኞቹን ሰዎች ድምፅ እየሰረቀች ታከማቻለች። አንድ ሰው ወርዶ እዚያ ያለውን ደወል ከደወለ የተሰረቀው ድምፅ ሁሉ ይለቀቃል፤ የደወለው ግን ተመልሶ አይወጣም። ናርዳ ወረደች፣ ደወለች። መጽሐፉ የሚያበቃውም ሕዝቡ ድምፁን ባገኘ ጊዜ መጀመሪያ የጠራው የእርሷን ስም እንደነበረ፣ እርሷ ግን እንዳልሰማች በመናገር ነው።

በከተማው የነበረው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የብስክሌት ጠጋኙ የሙሴ ነበር። ሙሴ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ብሎ መጽሐፉን አምስት ቦታ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል በሲባጎ ሰፍቶ ያውሳል። አምስተኛውን የጨረሰ ሰው ገና ሦስተኛው ላይ ካለ ሰው ጋር ሲቀመጥ አፉን እንዲጠብቅ ይነገረዋል። አሁን ደግሞ የፊልሙ አዘጋጅ የመጨረሻውን ትዕይንት እዚሁ ሐይቃችን ዳር ሊያነሳው ነው፣ ናርዳ ትመለስ ወይስ ትቅር የሚለውን ግን ገና አልቆረጠም፣ መጥቶ ከሕዝብ ጋር ይወያያል ተባለ።

ሽበሺ ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቆ በግብርና ቢሮ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ክርክር ሲነሳ የሁለቱንም ወገን አዳምጦ፣ የአንዱን ሐሳብ ለሌላው አስተካክሎ ማስረዳት ስለሚወድ «ዳኛው» ይሉታል። እርሱ ናርዳ ትመለስ ከሚሉት ነው። መጽሐፍ ሰው ብቻውን ስለሚያነበው ሐዘኑን ይችለዋል፣ ፊልም ግን ሕዝብ ከነልጆቹ ተሰብስቦ የሚያየው ነገር ስለሆነ እንዲያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ መሸኘት አይገባም ባይ ነው። ይህን ከተናገረ በኋላ ግን ሁልጊዜ «በሌላ በኩል ደግሞ» ይላል።

«ይኸው ጀመረ» አለ ሙሴ አንድ ቀን፣ የብስክሌት ጎማ በውሃ ሳፋ ውስጥ እያገላበጠ። «ዳኛው ፈርዶ እስኪጨርስ የነፋሁት ጎማ ይተነፍሳል። ወንድሜ፣ ከእኛ ወገን ነህ አይደለህም?»

«ከእናንተ ነኝ። ግን የእነ እህተማርያምም ሐሳብ ክብደት አለው።»

«የእነ እህተማርያም ሐሳብ ሳይሆን እህተማርያም ናት የከበደችህ» አለው ሙሴ፤ በዙሪያው የቆሙት ሳቁ።

እህተማርያም እዚያው ቢሮ ታይፒስት ናት። ናርዳ ከተመለሰች መጽሐፉን አቃጥሉት ትላለች። ሽበሺ ስለ መጨረሻው ከእርሷ ጋር ያልተከራከረበት የሥራ ቀን አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቢሮ የሚገባውም ግማሹን ለዚያ ክርክር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ዓሣ ለመግዛት አብረው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረዱ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቆቹ አሞራዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ እየተሻሙ ነበር። ሽበሺ እንደ ልማዱ ሐሳቡን ሲዘረዝር እህተማርያም ድንገት ቆመች።

«አንተ የሚመለስ ሰው ስትጠብቅ ኖረህ ታውቃለህ?»

ከዚያ ነገረችው። ወንድሟ ደምሴ በስልሳ ዘጠኝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያለ እንደ ጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ የማያውቀው፣ አብሮት ታስሮ የነበረ ሰው ከተፈታ በኋላ መጥቶ እርሷን ብቻ ማግኘቱን ነው። ደምሴ ተጠርቶ ከክፍሉ ወጣ፣ አልተመለሰም። እናቷ ወይዘሮ ሙሉዬ ይህን አልሰሙም። የልጃቸውን ጋቢ ብል እንዳይበላው ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፤ ማታ አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ይመልሱታል። እህተማርያምም ታግዛቸዋለች።

«ጫፉን ይዤላት አብረን እናጥፈዋለን» አለች። «መንገር አልቻልኩም። ብነግራት ትሞትብኛለች። አሁን ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን።»

ሽበሺ ማንም እንደማይሰማ ቃል ገባላት። ከልቡም ነበር።

የውይይቱ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ሰው ጢም አለ። ግማሹ በናርዳ ፍቅር፣ ግማሹ ደግሞ ያልተገኘ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አይደርሰውም ስለተባለ ነው የመጣው። እህተማርያም ከፊት በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። እናቷ እግራቸውን አሟቸው እንደማይመጡ፣ ለቤቱ እርሷ እንደምትበቃ ጠዋት ለሽበሺ ነግራዋለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ልብ ወለዱ የጭቁኑን ሕዝብ የተነጠቀ ድምፅ የሚመለከት መሆኑን በረጅሙ አብራርቶ ለአዘጋጁ አስረከበ። አዘጋጁ ቀጭን፣ ሲጋራ የማይለየው፣ ለሰው ንግግር ጆሮ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሙሴ ተነሥቶ ናርዳ ካልተመለሰች የሲኒማ ቤቱን ወንበር ሕዝቡ ይሰብረዋል፣ ለዚያም እርሱ ኃላፊነት አይወስድም አለ፤ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ትቅር የሚሉትን የሚደግፍ አንድ ልጅ ተነሣና በሁለት ዐረፍተ ነገር ተሰናክሎ ተቀመጠ። ሳቁበት።

ሽበሺን ይህ ከነከነው። የራሱ ወገን እያሸነፈ ነበር፤ ነገር ግን ሌላው ወገን ሐሳቡን በወጉ ሳይናገር መሸነፉ ፍትሕ መስሎ አልታየውም። እጁን አወጣ።

«እኔ ትመለስ ከሚሉት ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ግን የሌላውን ወገን ሐሳብ የሚገባውን ያህል የተናገረለት የለም። ከፈቀዳችሁ እኔ ልናገርለት።»

ለመጠንቀቅ ተጠንቅቋል። ስም አልጠራም። ከተማ አልጠራም። እስርም ዩኒቨርሲቲም የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። አንዲት ሴት አውቃለሁ አለ፤ ወንድሟ መሞቱን ሰምታለች፣ እናቷ ግን አልሰሙም። ይህች ሴት ናርዳ ስትመለስ ብታይ ተዘበተብኝ ትላለች፤ አለመመለሷን ብታይ ግን እኔም አለሁ፣ እንደኔ ያለ ሰው አለ ብላ ትጽናናለች። አዳራሹ ጸጥ ማለት ጀመረ። ጸጥታው አሞቀው። አንድ ነገር እንደ ጎደለ፣ ንግግሩ ገና ሰው ሆድ እንዳልገባ ተሰማው። ያ የጎደለው ነገር ምን እንደ ሆነም ያውቅ ነበር።

«እናቲቱ» አለ፣ «የልጃቸውን ጋቢ ብል እንዳይበላው ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ልጅቷ ማታ ጫፉን ይዛ፣ እያወቀች፣ አብራቸው ታጥፈዋለች።»

አዘጋጁ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም፤ ሽበሺ ይህንንም ከጭብጨባ በላይ አድርጎ ቆጠረው። ሊቀመጥ ሲል ከኋላ በኩል፣ የሴቶች ማኅበር ከተቀመጠበት፣ የወንበር መንቋቋት ተሰማ። ሰዎች ዞሩ። የዞሩት ወደ እርሱ አልነበረም።

ወይዘሮ ሙሉዬ በምርኩዝ ተደግፈው ቆመዋል። በኋላ እንደተሰማው፣ ጎረቤታቸው ስኳሩ እንዳይቀርብዎት ብላ ደግፋ አምጥታቸው ነበር። ወደ ፊት፣ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተመለከቱ።

«እህተማርያም» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እንሂድ ቤታችን።»

እህተማርያም ተነሣች። በሽበሺ አጠገብ ስታልፍ አላየችውም። ጥላቻ ቢሆን ያውቀው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ከእናቷ በቀር ሰው የምታይ አትመስልም። ሽበሺ ቆሞ እንደ ነበር ያስታወሰው ሊቀመንበሩ «ጓድ፣ ይቀመጡ» ሲለው ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ልጅ በይፋ ድንኳን አይተከልም። ሰው ገብስ ቆሎ በፌስታል እየያዘ፣ ዕቃ ሊዋስ የመጣ መስሎ፣ አንድ አንድ እያለ ገባ። ሽበሺ ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ በሦስተኛው ቀን ደጁን አንኳኳ። ሊናገረው ያዘጋጀው ነገር ነበር፤ ስም እንዳልጠራ፣ በቅን ልብ እንደ ነበር። ወይዘሮ ሙሉዬ ጥቁር ነጠላቸውን አገልድመው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«እርስዎ እዚያ መኖርዎን...» አለ።

«ተው ልጄ። አንተስ አስለቀስከኝ። እንባዬ ውስጤ ደርቆ ነው የኖርኩት።» ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ሁሉ ሰው እያየህ ለሁሉም ለመንገር ከጨከንክ፣ ለእኔ ለብቻዬ ለመንገር ምን ከለከለህ?»

ሽበሺ በኮሌጅም በቢሮም ለማናቸውም ጥያቄ ቢያንስ ሁለት መልስ አያጣም ነበር። ፊቱ ሲግል ተሰማው፤ ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች አይተውት ሐዘን መስሏቸው «አይዞህ» አሉት። ያ «አይዞህ» ከስድብ ይልቅ አቆሰለው።

ሲወጣ እህተማርያም እስከ በሩ ሸኘችው።

«እናቴ ይቅር ብላሃለች» አለች። «እኔ ገና ነኝ። እንድቸኩልም አትጠብቀኝ።»

«አንቺን ለማስከበር ብዬ...»

«የእኔን ሐሳብ ተናገርክልኝ፤ እውነትህን ነው። ከእኔ አሳምረህ ተናገርክ። ግን እኔ ተናገርልኝ አላልኩህም።»

በሳምንቱ ሙሴ ትልቅ ዜና ይዞ መጣ። አዘጋጁ ቆርጧል፤ ናርዳ አትመለስም። በመጨረሻም አንዲት አሮጊት ሐይቁ ዳር ጋቢ ሲያሰጡ ይታያሉ።

«በገዛ ምላስህ አሸነፍከን» አለው ሙሴ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ የሽበሺን ፊት አይቶ ተወው።

ሽበሺ አዘጋጁ ወዳረፈበት ሆቴል በእግሩ ሄደ። ጋቢው ከፊልሙ እንዲወጣ ለመነው። የሰው ቤት ምስጢር እንደ ሆነ፣ ለመናገር መብት እንዳልነበረው፣ ባለቤቶቹ እዚሁ ከተማ እንደሚኖሩ ነገረው። አዘጋጁ ሳያቋርጥ አዳመጠው።

«አዳራሹ ውስጥ የሁለቱንም ወገን ነበር የምትናገረው» አለ በመጨረሻ። «አሁን በሌላ በኩልስ የሚባል ነገር የለም?»

«የለም።»

«አለ እንጂ። ይህንን ያዩ ብዙ እናቶች፣ እንደኔ ያለ ሰው አለ ብለው ሊጽናኑ ይችላሉ። ያልከው አንተ ነህ። እኔ ከዚህ የተሻለ መጨረሻ አላገኘሁም፤ ደራሲውም አላገኘም።» ሲጋራውን በመተርኮሻው ላይ አጠፋ። «አዝናለሁ፣ ወንድሜ። ከአፍህ ከወጣ በኋላ ያንተ አይደለም።»

ሽበሺ በአዘጋጁ ላይ የሚቆጣበት ነገር ቢያገኝ ይወድ ነበር። ሰውዬው ግን ክፉ አልነበረም፤ ክርክሩም የራሱ የሽበሺ ክርክር ነበር።

ፊልሙ በተነሣበት ዕለት ከተማው ወደ ሐይቁ ወረደ። ጋሪዎቹ ሰው ጭነው ተመላለሱ፤ ሙሴ ሱቁን ዘጋ፤ የቢሮው አለቃ ሳይቀር ለመስክ ሥራ ነው ብሎ ወጣ። ሽበሺ ከጠረጴዛው አልተነሣም። ወደ ቀትር ላይ ቀና ሲል ሰፊው ክፍል ውስጥ የቀሩት እርሱና እህተማርያም ብቻ ነበሩ። እርሷ የማዳበሪያ ሪፖርት በታይፕ ትጽፋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በስተቀር አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ከሐይቁ በኩል በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ሰው ተሰማ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ በአንድነት ጮኸ። ምን እንዳሉ ከሩቅ አይለይም፤ ሁለቱም ግን መጽሐፉን ያውቁታል፣ የሚጠራው የማን ስም እንደ ሆነ ገባቸው። አዘጋጁ ስላልረካ ነው መሰለኝ እንደገና አስጠራቸው። እንደገናም።

የእህተማርያም ጣቶች ቆሙ። ሽበሺ ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ንግግሩም ደርሶለት፣ ተስተካክሎለት፣ አምሮለት ነበር። እንዲያ ማማሩን ሲያየው ራሱን ጠላና አፉን ዘጋ።

«መስኮቱን ዝጋልኝ» አለች፣ ሳታየው።

ተነሥቶ ዘጋላት። ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እርሷም መጻፏን ቀጠለች።