አንዲት ፎቶ ብቻ

"ነቀምት ውስጥ ካሜራ የሚገባው ፊት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኔ" እያለች ድርቤ የስምንተኛ ክፍልን ጆሮ ስታደነቁር ከረመች። ምን ታድርግ! በጃንሆይ ኢዮቤልዩ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ካሜራ ገዝቶ የተመለሰው የቡና ነጋዴው ጸሐፊ እሸቱ፣ መንገድ ላይ አስቁሞ "እባክሽ እህቴ፣ እጄን ልለማመድ፣ አንድ ጊዜ ላንሳሽ" ብሎ የለመናት እሷን ነዋ። ከትምህርት ቀርታ፣ የአክስቷን ጥልፍ ቀሚስ ሰርቃ ለብሳ፣ ባሕር ዛፍ ሥር አገጯን በእጇ ደግፋ ቆመችለት። "አንዲት ብቻ ነው የማጥበው፤ እሷንም ላንቺ" ብሎ ማለላት። ሰጣትም። ደብተሯ ውስጥ ደበቀቻት።

ይኸው ዛሬ እሑድ ከሰዓት ጓዳ ውስጥ ተደብቃ ተቀምጣለች። ሳሎን ከጊዳ አያና የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። መንገድ መርቶ ያመጣቸው ደግሞ ራሱ እሸቱ! በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ ስታይ፣ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ዋጋሪ ከኮታቸው ኪስ ፎቶ አውጥተው ለአባቷ ለአቶ መገርሳ ዘረጉ። ያው ቀሚስ፣ ያው አገጭ።

"ልጅቷ ፎቶዋን ልካልናለች" አሉ። "ይሄ እንግዲህ ቃሏ ነው።"

አባቷ ፎቶውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። እሺ ካሉ ትምህርቱ አበቃ፤ ለማታውቀው ሰው ሚስት ሆና ጊዳ አያና መግባት ነው። ትሩጥ? የጓዳው በር አንድ ነው፤ እሱም በሽማግሌዎቹ ፊት ያሳልፋል። መስኮቷን ድመት እንኳ ተጨንቃ ነው የምታልፍባት። ዝም ብትል ተዳረች። ብትናገር ደግሞ የቀሚሱንም፣ ከትምህርት መቅረቷንም በገዛ አፏ ልታወጣ ነው። ግድግዳው የተጠጋት መሰላት።

"በፈቃዷ ነው የተነሳችው፤ ማን አስገደዳት?" የሚል የእሸቱ ድምፅ መጣ።

በሩን በርግዳ ወጣች። "መነሳቱን ፈቀድኩ! መላኩን ማን ፈቀደልህ? አንዲት ብቻ ብለህ አልማልክም?"

"ያነሳሁት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ" አለ እሸቱ እየተቁለጨለጨ። "ፎቶው እኮ የኔ ነው።"

"ፊቱስ? ፊቱም ያንተ ነው?"

አባቷ ቀና አሉ። "ቀሚሱ የማን ነው?"

"የአክስቴ... ሰርቄ ነው፣ አባ።" አለች። "ከትምህርትም ቀርቼ ነው።"

"እሱን ለብቻችን እንነጋገርበታለን።" ወደ እሸቱ ዞሩ። "ፎቶውን ልካ ነው ወይስ አንተ ነህ የሰጠኸው?"

እሸቱ ላቡን ጠረገ። "እኔ ነኝ። ሳልነግራት።"

"እንግዲያው ቃል የለም" አሉና ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ ደፉት።

ድርቤ ትንፋሿ ተመለሰ። እሱ ሲመለስ ምላሷም አብሮ ተመለሰ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ ዋጋሪ። ሰውየው ፎቶዬን ካየ ወዲህ እህል አልበላ ብሎት ይሆናል፤ ግን ምን ላድርግ፣ ሌላ ይፈልግ በሉት።"

ኦቦ ዋጋሪ ዱላቸውን ተመርኩዘው እየተነሱ፦

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እሸቱ የሰጠን የስድስት ልጆች ፎቶ ነው። አንቺ አምስተኛዋ ነሽ፤ እዚህ የመጣነው አራቱ እምቢ ስላሉን ነው።"