ስሙ ከሙታን ጋር የተጠራው ሃምሳ አለቃ

የቀድሞ ወታደሮች ፌራይን፣ ማለትም ማኅበሩ፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ፍራንክፈርት፣ ኒድ ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ የሙታን ስም ያስጠራል። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ቤቱ በአንድ ድምፅ «በክብር ወደቀ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ምሳ ነው። ሃምሳ አለቃ ወልደማርያም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀረም፤ የሚቀመጠው ግን ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው። ምክንያቱን ለሚስቱ ለሸዋረገድ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

የፌራይኑ ደንብ አጭር ነው፤ ለጠላት እጁን የሰጠ አባል አይሆንም። ወልደማርያም ደግሞ እጁን ሰጥቷል።

የሻለቃ ጦሩ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ሁሉም በአዛዣቸው በኮሎኔል አድነው ፊት ምለዋል፤ የመጨረሻዋ ጥይት ለራስ ናት ብለው። ጓደኛው በሪሁን መሐላውን ከጎኑ ሆኖ ፈጸመ። እሱ አልቻለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሠራዊቱ ራሱ ተበተነ። መሐላው ግን አልተበተነም፤ ወልደማርያምን ተከትሎ ፍራንክፈርት ገባ፣ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ አብሮት ዕቃ ጫነ፣ አብሮት ጡረታ ወጣ።

የዘንድሮው የክብር እንግዳ ኮሎኔሉ ነበሩ፤ ከካሰል ከተማ ነው የመጡት። በሩ ላይ ወልደማርያምን ጨብጠው አለፉ፤ አላወቁትም።

«የወታደር ክብሩ አንዲት ጥይት ናት» አሉ መድረኩ ላይ ቆመው። «ከእኔ ልጆች አንድም የተማረከ የለም። እስከ መጨረሻው ሰው ወድቀዋል። ያኔ ለበላይ የላክሁት ዝርዝር ቅጂው ይኸውላችሁ።»

«ወንድነት ማለት ይህ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ ጥላዬ እያጨበጨበ።

ዝርዝሩን የፌራይኑ ጸሐፊ መቅዲ ተቀበለች፤ የአንዱ አባል ልጅ ናት። ማንበብ ጀመረች።

«አሥር አለቃ በሪሁን ካሳዬ።»

«በክብር ወደቀ!»

«ሃምሳ አለቃ ወልደማርያም ድልነሳው።»

«በክብር ወ...» ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። መቅዲ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ሞክሼዎ ነው?»

አዎ ቢል ያልፋል። ምሳ ይበላል፣ ደንቡም አይነካም። ወልደማርያም ተነሣ።

«አይ፣ ልጄ። እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እንኳን ከሞት ተነሣህ!» አለ አንዱ ከፊት፤ ቤቱ ሳቀ።

«እስቲ ከላይ ያለውን ቀን አንብቢልኝ።»

«ግንቦት ዘጠኝ ይላል።»

«እኔ የተማረክሁት ግንቦት አሥራ ሁለት ነው» አለ ወደ ኮሎኔሉ ዞሮ። «ጌታዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሬዲዮ ስጠራዎት ነበር። ለካ ሞተናል! ሦስት ቀን ሬሳ ሆነን ተዋጋን ማለት ነው።»

አሁን የሳቀ የለም።

«የጦር ሜዳ ሪፖርት... በዚያ ሁኔታ...» አሉ ኮሎኔሉ።

«በዘጠኝ የት ነበሩ?»

ኮሎኔሉ ውኃ ጠጡ። «ዝርዝሩን ልኬ ወደ ሱዳን ወጥቼ ነበር።»

«የእርስዎ ጥይትስ?»

«ሽጉጤን... ድንበር ላይ አስረከብሁ።»

ወልደማርያም አሁን ገባው፤ በሪሁን የሞተው ጥሎት ለሄደ ሰው በገባው ቃል ነው።

ጥላዬ ብድግ አለ። ደንቡን ሊያነብበት ነው ብሎ ወልደማርያም ለመውጣት ኮፍያውን አነሣ። ጥላዬ ግን ጆሮውን አከከ።

«እኔም ተማርኬአለሁ» አለ።

«አንተ? ደንቡን ያረቀቅኸው አንተ አይደለህም እንዴ!» አለ አንዱ አባል።

«ያረቀቀውን ማን ይጠረጥራል ብዬ ነዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ከፊት ረድፍ ሁለት ሽማግሌዎች። ኮሎኔሉ ባቡር እንዳያመልጣቸው ብለው ካፖርታቸውን ፈለጉ፤ ማንም አልሸኛቸውም።

መቅዲ እስክሪብቶ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ልሰርዝዎት?»

«ሰርዢኝ። በሪሁንን ግን አንዴ ድገሚና ጥሪው።»

ጠራችው። ቤቱ መልሱን ለወልደማርያም ተወለት።

«ጓደኛዬ ነበር» አለ ወልደማርያም። «መኖር ነበረበት።»

ቁጭ ሲል ትንፋሹ እስከ ሆዱ ወረደለት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበርና፣ ራበው።