አስቀድሞ የተሞላ ወረቀት

1.

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በመምህር ደጉ አልጋ ግርጌ የተንጠለጠለው ወረቀት ግን አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ደርሷል።


2.

የተገላበጡበት ሰዓት / ፊርማ

2፡00 ብዙነሽ
4፡00 ብዙነሽ
6፡00 ብዙነሽ
8፡00 ብዙነሽ
10፡00 ብዙነሽ
12፡00 ብዙነሽ

በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ።


3.

ውብሸት እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቻለሁ። አሁን በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ክፍል አራት፣ ከክራንቼ ጋር እኖራለሁ። ለምን በቁጥር ትጽፋለህ ካልከኝ፣ ሹፌር ነኝ፤ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ካላየሁ መንገድ የሄድኩ አይመስለኝም። ያልተመቸህ አንባቢ “ወራጅ አለ” በል።

ደጉ የአልጋ ጎረቤቴ ነው። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ወሰደበት፤ ምላሱንም። የቀረችው አንዲት ቃል ናት። ራበህ? እሺ። ጠገብክ? እሺ። አመመህ? እሺ። ሰው ካላገላበጠው እንደተኛ ይውላል።


4.

ቁስል።


5.

ትናንት ተንከባካቢያችን ብዙነሽ አንሶላ ስትቀይር አየሁት። ከወገቡ በታች፣ የእንቁላል አስኳል ታህላለች። ባለፈው ሳምንት ቀይ ምልክት ብቻ ነበረች። ከእኔ በፊት በዚህ በእኔ አልጋ የነበሩት ሰውዬ በእንዲህ ያለ ቁስል ነው የሄዱት አሉ። ደጉ በዚህ አይሄድም። በቃ፣ አይሄድም።


6.

እኔ፦ ብዙነሽ፣ ነይማ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ደጉን አገላብጠሻል?

ብዙነሽ፦ አሥር ሰዓት መቼ ደርሶ ጋሼ? ገና ጠዋት እኮ ነው።

እኔ፦ ፊርማሽ ግን ደርሷል።

ብዙነሽ፦ እኔ አንድ፣ እናንተ አሥራ ዘጠኝ! ስሯሯጥ መፈረም ብረሳ ሲስተር ትጮህብኛለች። ስለዚህ ጠዋት ፈርሜ እገላገላለሁ፤ ከዚያ እንደቻልኩ አገላብጣቸዋለሁ።

እኔ፦ ትናንት ስንቴ ቻልሽ?

ብዙነሽ፦ አንዴ። ምን ላድርግ ጋሼ፣ አንዴ።

አለቀሰች። ልቆጣት ተነስቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምክንያቱ ቁጥር 7 ላይ አለ። ቁጥር 7ን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀድጃለሁ።


7. (ለአራተኛ ጊዜ)

የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ነው። ከመናኸሪያ ከመውጣቴ በፊት የምሞላው ወረቀት ነበር፤ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት። ሻዬን እየጠጣሁ ከላይ እስከ ታች ፈረምኩ። ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ወርቄ የሚባለው ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ባዶውን ወረደ። መኪናውን ከገደሉ ግድግዳ ጋር አላትሜ አቆምኩት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተረፈ፤ ጀግና ተባልኩ።

ከግድግዳው ሥር ግን ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሁለቱም እግሮቿ።

ለፖሊስ “ፍሬን እምቢ አለኝ” አልኩ። ወረቀቱም መሰከረልኝ። ፍሬን አፍ የለው፣ ምን ይበል! ለሚስቴ እንኳ ሳልነግር፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ሆድም ፈጀኝ።


8. መመሪያ (ለአንተም ይሆናል፤ አንተም ታረጃለህ)

ስሙን ጥራው። ምን ልታደርግ እንደሆነ ንገረው። ጉልበቱን እጠፍለት። አንድ እጅ ትከሻው፣ አንድ እጅ ዳሌው ላይ አድርገህ ወደ ራስህ አዙረው፤ አንሶላው ላይ አትጎትተው፣ ቆዳው ይላጣል። ከጀርባው ትራስ ደግፍ። ጀርባውን እይ።

ከዚያ ፈርም።

ከዚያ።


9.

ሰዓት ጠሪው እኔ ሆንኩ። ሁለት ሰዓት በሞላ ቁጥር የአልጋውን ብረት በክራንቼ አንኳኳለሁ፤ ብዙነሽ “እኚህ ሰውዬ ሊገድሉኝ ነው!” እያለች ትመጣለች። ስትደርስ ትፈርማለች፤ ካልደረሰች ባዶውን ትተዋለች። ወረቀታችን ጥርሱ የረገፈ አፍ መሰለ። ደስ አለኝ።

የክፍሉን ኃላፊ ሲስተር አረጋሽን ግን ደስ አላላትም። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል፣ ራሷ ሞልታ ያዘጋጀችውን የሁለት ሳምንት ወረቀት ይዛ መጣች።

ሲስተር፦ ጋሽ ውብሸት፣ አብረዋቸው ስለሚኖሩ እዚህች ጋ በምስክርነት ይፈርሙልኝ።

እኔ፦ ይሄ ሁሉ አልተደረገም።

ሲስተር፦ መምህር ደጉ አንድ ቀን ቅሬታ አቅርበው ያውቃሉ?

እኔ፦ ኧረ በሕግ! በየትኛው አፉ?

ሲስተር፦ ካልተመቸዎት፣ አልጋዎን የሚፈልግ ሞልቷል።

ከዚህ ሌላ ቤት የለኝም። ፈራሁ፣ አልዋሽም። እስክሪብቶዋን ሳልፈርም መልሼ ሰጠኋት።


10.

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ወረቀትማ ይገላበጣል!

ተቆጣጣሪዋ፦ ጥሩ ነው። አንድም የጎደለ ሰዓት የለም።

እኔ፦ እሱ ነዋ ችግሩ! ሥራ ያለበት ወረቀት ይጎድላል፣ ይሰረዛል፣ ወጥ ይንጠባጠብበታል። የደጉን ጀርባ ይዩት።

ሲስተር፦ አይስሟቸው፣ እርጅና ነው።

ተቆጣጣሪዋ፦ በምን አወቁ አባባ?

እኔ፦ እኔም ሞልቼ አውቃለሁ።

ቁጥር 7ን ነገርኳት። ሙሉውን፣ ሁሉም እየሰማ። ስጨርስ ብዙነሽ ከጋዋኗ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ያንን ጥርሱ የረገፈውን። ለተቆጣጣሪዋ ሰጠቻት።


11.

ደጉን አዞርነው። ተቆጣጣሪዋ አየችና “ወይኔ አባቴ!” አለች።

ሐኪም የዚያኑ ቀን መጣ። ለክፍላችን ሁለተኛ ተንከባካቢ ታዘዘ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ እኛ ትንሽ አቃጥለናል። ግን ቁስሉ እየጠበበ ነው፤ በየቀኑ አየዋለሁ።


12.

ተቆጣጣሪዋ ከመሄዷ በፊት ቃሌን ልትመዘግብ ባዶ ቅጽ አወጣች። የድሮውንም ይጨምሩበት አልኳት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ሳልሳሳት ነገርኳት። የብርቱካን ሻጯ ነጠላ ጥለት አረንጓዴ እንደነበር እንኳ ነገርኳት።

“የተጎጂዋ ስም?”

የሰሌዳውን ቁጥር አውቃለሁ እኮ።

“አባባ? ስሟ?”

አፈርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም።

“ግድ የለም፣ ‘ያልታወቀች’ ብዬ ልሙላው?”

“አይሞላም!” አልኳት።

አንተ የምታነበው፣ የወርቄ ሰው ከሆንክ፣ ወይም ዘመድ ካለህ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። ከዚያ ጻፈው።

ስም፦