በእግር የተኬደ ፕሮግራም

አንድ የደም ከረጢት በአንድ ጊዜ ለሁለት ሕመምተኛ እንዴት ይሰጣል?

ሲስተር ይህን የጠየቁት የወርክሾፑ በር ላይ እንደቆሙ ነው፤ ወንበር ቢሳብላቸውም አልተቀመጡም። የሆስፒታሉ ደም ማከማቻ ኃላፊ ናቸው። የሕክምና ክፍሎቹ የሚልኩትን የደም ጥያቄ ተቀብሎ ከመደርደሪያው ላይ ከረጢት የሚይዝላቸው ፕሮግራም የተሠራው እዚህ፣ ከጎሚስታ ቤቱ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር።

«ትላንት ከማዋለጃና ከቀዶ ጥገና የመጡ ሁለት ተላላኪዎች መስኮቴ ላይ ተገናኙ» አሉ። «ሁለቱንም ኮምፒዩተሩ ተይዞላችኋል ብሏቸዋል። ከረጢቱ አንድ ነው። የዚያ ዓይነት ደም ደግሞ ሌላ አልነበረኝም። ለወላዷ ሰጠሁ። ሰውየው ሆዱ ተከፍቶ፣ ከሌላ ሆስፒታል እስኪመጣለት ጠበቀ። ተርፏል። የተረፈው ግን በፈጣሪ እንጂ በናንተ ፕሮግራም አይደለም።»

ፕሮግራሙን የጻፉት የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው፤ የሲስተር ዓይን ያረፈው ግን አብራቸው በምትሠራው የእህታቸው ልጅ ላይ ነበር። ሩቅ አገር ተምራ መጣች የተባለላት እሷ ናት።

«ምናልባት…» ብላ ጀመረች።

ከጥጉ ጠረጴዛ ባልደረባዋ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወርክሾፑ ውስጥ ስሟ ተረስቶ «ምናልባት» መባል ከጀመረች ቆይታለች። እሱም ቢሆን ስም አልተረፈለትም፤ የተሰበረውን ሁሉ ከሥሩ ሳይመረምር ስለሚለጣጥፍ «ሙጫ» ነው የሚባለው።

«ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሩ ሰብስበውናል» አሉ ሲስተር። «እስከዚያው አጥፍተነዋል፤ በስልክና በጩኸት እየሠራን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንደማይሆን አፉን ሞልቶ የሚነግረኝ ሰው ካገኘሁ ይበራል። ካላገኘሁ እንደጠፋ ይቀራል። ምናልባት ይዤ ግን ስብሰባ አልገባም፣ የኔ ልጅ።»

ይህን ብለው ደረጃውን ወረዱ።

አጎቷ ዱሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ፕሮግራም መጻፍን ማንም ሳያስተምራቸው፣ ሬዲዮ እንደሚፈታ ሰው እየፈቱ እየገጠሙ ነው የለመዱት። ታዲያ ወርክሾፑ የራሱ የሆነ ልማድ ነበረው። ማንኛውም ፕሮግራም ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት በእግር ይኬዳል። ወለሉ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘኖች ይሠራሉ፤ ይሄ መደርደሪያው፣ ይሄ ማዋለጃ፣ ይሄ ቀዶ ጥገና። አጎቷ መስመር በመስመር እያነበቡ፣ መስመሩ ያዘዘውን ብቻ እየፈጸሙ፣ ከአንዱ ሳጥን ወደ አንዱ ይራመዳሉ። መጀመሪያ ያየች ጊዜ አፍራ ነበር። ውላ አድራ ግን፣ በዚያ ሩቅ አገር በመስታወት ግድግዳ ክፍሎች ውስጥ ካየችው ብዙ ነገር ይልቅ ይህን መውደድ ጀመረች። መውደዷንም ተጠራጠረችው፤ እሷ የማትጠራጠረው ነገር አልነበረም። አገር ቤት መመለሷን ራሱ ልክ መሆን አለመሆኑን አላወቀችውም ነበር።

«ይኸውልሽ» አሉ አጎቷ፣ ስክሪኑን በጣታቸው እየመቱ። «ድሩ መጀመሪያ ያያል፤ ከረጢቱ ነፃ ነው ወይ? ነፃ ከሆነ ይይዛል። ማየትና መያዝ ተከታታይ መስመር ናቸው። በመካከላቸው ዝንብ አታልፍም። ማሽን እኮ ነው፣ የዓይን ጥቅሻ እንኳ አይፈጅበትም።»

ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡትን ሥራዎች «ድር» ያሏቸው እሳቸው ናቸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ከሚለው ወስደው። እያንዳንዱ ድር የአንድ ክፍል ጥያቄ ይዞ ይሮጣል። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ። ሆስፒታሉ አዲስ ማሽን ሲገዛ አጎቷ ስምንት አደረጓቸው፣ ስምንት እጥፍ ይፈጥናል ብለው።

«እኔ ደግሞ ዱሮውኑ ቁልፍ አስገብቼበታለሁ» አለ ሙጫ። «ሁለት ድር በአንድ ጊዜ መደርደሪያው ላይ እንዳይጽፍ። ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው የሚጽፈው። ቀኑን ሙሉ አስኬጄዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።»

«በየትኛው ማሽን?»

«በዚሁ በእኛው።»

«የእኛው እኮ አሮጌ ነው፤ አንድ አንጎል ነው ያለው» አለች። «ስምንቱን ድር ጥቂት ጥቂት እያለ በፈረቃ ነው የሚያሠራቸው። የመጋጨት ዕድላቸው ትንሽ ነው። የሆስፒታሉ ግን ባለ ብዙ አንጎል ነው። እዚያ የምር አብረው ይሮጣሉ።»

«ታዲያ ስሕተቱ የት አለ? አሳዪኝ።»

«ምናል…» አለችና ምላሷን ያዘች።

ሙጫ በበኩሉ ሥራ አልፈታም። በማግሥቱ ሳይነግራቸው ድሮቹ ከመጻፋቸው በፊት ትንሽ ትንሽ እንዲያርፉ አደረገና፣ ከጓደኛው በተዋሰው አዲስ ማሽን ላይ ቢያስኬደው ምንም አልተገኘም። «ዳነ» ብሎ እጁን አራገፈ።

«አልዳነም፣ ተደበቀ» አለችው። «ሰዓታቸውን ስላዛባህባቸው ዛሬ ሳይገናኙ ተላለፉ። ነገ ይገናኛሉ።»

«አንቺ ደግሞ የዳነውን ሁሉ ታሳምሚያለሽ።»

አጎቷ ክርክሩ ሲሰለቻቸው ጠመኔ አነሡና ፕሮግራሙን በእግር ማስኬድ ጀመሩ። ለከረጢቱ ቀይ የሽቦ ጥቅል አስቀመጡ፤ ከጎኑ «ነፃ» ብለው ጻፉ። ማዋለጃን ሆነው ሄዱ፤ አዩ፣ ያዙ፣ ጻፉ፣ ተመለሱ። ቀዶ ጥገናን ሆነው ሄዱ፤ አዩ፣ ተይዟል፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ምንም እንከን የለውም። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ስታያቸው ቆየች። ስንት ፕሮግራም እንዲህ ሲሄዱ አይታለች፤ ይህን ግን ልብ ብላው አታውቅም። አጎቷ ሁልጊዜ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት። አንድ ሰው ስምንት ሰው ሆኖ ሲሄድ ከራሱ ጋር አይጋጭም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ማዋለጃ ብቻ ይሁኑ» አለች። «ሙጫ፣ አንተ ቀዶ ጥገና ነህ። ተነሥ።»

«ትወና ተጀመረ» አለ ሙጫ፤ ተነሣ ግን። የወርክሾፑን በር ቁልፍ መደርደሪያው ሳጥን ውስጥ አኖረች፤ የመጻፊያው ቁልፍ ያ ይሁን ተባለ።

አጎቷ ተራመዱ፤ ጎንበስ ብለው አዩ። «ነፃ ነው» አሉ።

«እዚያው ላይ ይቁሙ።»

«ለምን እቆማለሁ? መስመሩ ቁም አላለኝም።»

«ማሽኑ ነው ያቆመዎት። ሌላ ሥራ ጠርቶታል። መቼ እንደሚያቆምዎት አያማክርዎትም። ሙጫ፣ ሂድ።»

ሙጫ ሄደ። አየ፤ ነፃ ነው። ቁልፉን አነሣ፣ «ነፃ» የሚለውን በእጁ ጠርጎ «የቀዶ ጥገና» ብሎ ጻፈ፣ ቁልፉን መለሰ፣ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይቀጥሉ።»

አጎቷ ቁልፉን አነሡ። ጠመኔውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ቆሙ።

«ምን አይተው ነበር?»

«ነፃ ነው ብያለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን እንዳይ መስመሩ አላዘዘኝም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሐቀኛ ሰው ናቸውና፣ መስመሩ እንዳዘዛቸው የሙጫን ጽሑፍ ጠርገው «የማዋለጃ» ብለው ጻፉበት።

ከታች ጎሚስታው ጎማ ሲቀጠቅጥ ይሰማል።

«ቁልፉ እኮ አለ» አለ ሙጫ፤ ድምፁ ግን ቀንሷል።

«ስንጽፍ ቆለፍን። ስናይ ክፍት ነበር» አለች። «ዝንቧ የምታልፈው በዚያ ነው።»

አጎቷ ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉ። ይቆጡ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። ስሕተቱ እኮ የእሳቸው ነው፣ ያውም በገዛ ጠመኔያቸው የታየ። እሳቸው ግን «ሰውየው ሞቶ ቢሆን ኖሮ» አሉ። የጀመሩትን አልጨረሱትም። ቀጥለው ጠመኔውን ዘረጉላት። «በይ ያዢ። ከዛሬ ጀምሮ ማን የት እንደሚቆም የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሳይይዝ ማንም ድር መደርደሪያውን እንዳያይ አደረጉ። ማየትና መያዝ አንድ ሥራ ሆነ። ረቡዕ ከሰዓት ሲስተር ሲመጡ ሦስቱም ጠመኔ በጠመኔ ሆነው አገኟቸው።

«ይሄ ነው ሥራችሁ?» አሉ ሲስተር።

«ይግቡበት፤ ሰው ጎድሎናል» አሉ አጎቷ። «እርስዎ የያዙትን ከረጢት የሚሰርዙ የቀዶ ጥገና ክፍል ነዎት።»

ሲስተር ቦርሳቸውን ወንበር ላይ አኖሩና ገቡበት። እያንዳንዱ ክፍልም ጥያቄዎቹ የሚሰፍሩበት፣ የራሱ ቁልፍ ያለው መዝገብ አለው። መሰረዝ ሲሆን ድሩ መጀመሪያ የክፍሉን መዝገብ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የመደርደሪያውን ይይዛል። ለዚያው ክፍል አዲስ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ድር ደግሞ መጀመሪያ የመደርደሪያውን፣ ቀጥሎ የክፍሉን። ሲስተር የክፍሉን ቁልፍ ያዙ፤ ሙጫ የመደርደሪያውን። ከዚያ ፊት ለፊት ቆመው ነፃ እጃቸውን አንዱ ወደ ሌላው ዘረጉ።

«ስጠኝ እንጂ» አሉ ሲስተር።

«ሥራዬን ሳልጨርስ አልለቅም። እርስዎ ይስጡኝ።»

«እኔም ሳልጨርስ አልለቅም።»

ቆሙ። ማንም ስሕተት አልሠራም፤ ሁለቱም ደንቡን አክብረዋል።

«እንግዲህ እዚሁ ልናረጅ ነው» አሉ ሲስተር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

ይህን ያገኘነው ሆስፒታሉ ሳያገኘው ነው ስትል አሰበች። ወለሉ ላይ በትልቁ ጻፈች። መደርደሪያው መጀመሪያ፣ ክፍሉ ቀጥሎ። የሚጠይቅም ይሁን የሚሰርዝ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩል። እንደገና ሄዱት። አንዱ ጠበቀ፣ አንዱ ጨርሶ አለፈ፣ የጠበቀውም አለፈ።

«እንዲህ ከተጠባበቁማ ስምንት መሆናቸው ምን ጠቀመን?» አሉ አጎቷ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?»

«ሎሚው ሃምሳ ከሆነ ነዋ፣ ጋሼ። እዚህ መደርደሪያው አንድ ነው። አንድ ሎሚ ለስምንት ሰው ግፊያ ነው።»

በተዋሱት ማሽን ላይ በሦስት ድር ሞከሩት። መልሱ ከስምንቱ ዘግይቶ አልመጣም፤ እንዲያውም ቀደም አለ። አጎቷ ደጋግመው አዩትና፣ «አምስት ልጆቼን አባረረችብኝ» አሉ ለሲስተር፤ ፊታቸው ላይ ግን ሐዘን አልነበረም።

ሲስተር ቦርሳቸውን አነሡ። «እሺ፣ አሁን ንገሪኝ። ብዙ ጊዜ ስለሞከራችሁት ነው?»

«ስለሞከርነው አይደለም» አለች። «ዱሮም ቀኑን ሙሉ ተሞክሮ ነበር። ቁልፉን ሳይይዝ ማንም መደርደሪያውን አያይም፤ ይዞ እያለ ደግሞ ሌላ አይገባም። ስለዚህ በማየትና በመያዝ መካከል የሚገባ የለም። ቁልፎቹን ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ይይዛሉ፤ ስለዚህ ተፋጥጦ የሚቀር የለም። የሚሳሳትበት ሌላ መንገድ ሳስስ ነው የዋልኩት፤ የለውም። አንድ ከረጢት ለሁለት ሰው አይሰጥም።»

ሙጫ ያቺን የተለመደች ቃል ጠብቆ ጠብቆ አጣት። ሲስተር ለአፍታ አዩዋት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወጡ። አጎቷ እስከ ታች ሸኟቸው፤ ሲመለሱም ደረጃው ሥር ቆመው ጎሚስታውን ሲያዋሩት ተሰማ።

«የእህቴ ልጅ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ነግረውኛል።»

«ዛሬ የምነግርህ ሌላ ነው። አንተ ጎማህን ተውና ስማኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ስብሰባው ሊጀመር ሲል ስልኳን አወጣች። የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አጠፋች። በሦስተኛው ላከችው። «ሲስተር፣ እንደምን አደሩ። አይሳሳትም ያልኩት እኔ ነኝ። ማን አለ ብለው ቢጠይቁዎት ስሜን ይጥሩ።»

አጎቷ ኮት ለብሰው መጥተው ነበር፣ የሚሄዱበት ሳይኖር። ሙጫ ሻይ አመጣ፤ ቀዘቀዘ። ረፋዱ ላይ ከሆስፒታሉ ማሽን ጋር በተገናኘው ስክሪን ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፤ ማዋለጃ፣ አንድ ከረጢት፣ ተይዟል። ቀጥሎ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ከረጢት። ቀጥሎ የሕፃናት ክፍል። ሆስፒታሉ አብርቶታል። አጎቷ ወንበራቸውን ስበው ስክሪኑ ሥር ተቀመጡ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ስም እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው ጮክ ብለው ይጠሩ ጀመር።

«ሲስተር መለሱልሽ?» አሉ በመካከሉ።

«ገና ነው» አለች። ዓይኗ መስመሮቹ ላይ ነበር፤ አንዱ ቁልፉን ሲለቅ አንዱ ሲይዝ፣ ሳይገፋፉ።

መልስ በዚያን ቀን አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም፤ ስሟን የሚያስጠራ ስሕተትም አልተፈጠረም።