በማርያም የታቀፈች ዶሮ

ወንድ ልጅ ዶሮ አያስታቅፍም የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ነጋ ግን ሰባ ዓመት ሙሉ አክብሮት ኖሯል። ዶሮ የሴት ጉዳይ ናት። የወንዱ ድርሻ በበዓል ዋዜማ ቢላዋ ስሎ ማረድ፣ ከዚያ ወጡ እስኪደርስ እየተቁነጠነጠ መጠበቅ ነው። እንግዲህ ይኸው ሰውዬ ነው ዘንድሮ ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን፣ ባሕር ማዶ፣ ሎረንስቪል ካለው ቤቱ ጓሮ ተንበርክኮ፣ አሥራ አንድ እንቁላል አንድ በአንድ ከገብስማ ዶሮ ሆድ ሥር ሲያስገባ የተገኘው።

ዶሮዋ የሚስቱ የመዓዛ ናት። መዓዛ በሰኔ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ከዚያ መራመድ እንድትለማመድ ሪሃብ አስገቧት። ቢበዛ አምስት ሳምንት የተባለው ሁለት ወር አለፈው። አጥንቷ ገጥሟል፤ ያልገጠመው ልቧ ነው። ቴራፒስቷ ጠዋት ጠዋት መደገፊያውን፣ ዎከሩን ይዛ ስትመጣ፣ መዓዛ ሦስት እርምጃ ትሄድና ማንም ሳይነካት "ወደቅሁ!" ብላ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች። ቤቷ እንድትመለስ ከክፍሏ እስከ ዋናው በር ራሷን ችላ መሄድ አለባት። እስከ መስከረም ማለቂያ ካልቻለች ወደ አረጋውያን መኖሪያ ትዛወራለች። ልጃቸው ኑሃሚን ሚድታውን ካለው ቢሮዋ ሆና ፎርሙን መሙላት ጀምራለች።

የዶሮዋን ነገር ያነሣው ለወሬ ያህል ነበር። ከመዓዛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራው አልቆበት።

"ገብስማዋ ሳትታመም አልቀረችም" አላት። "ላባዋን ነፍታ ከሳጥኗ አልወጣም ብላለች። እጄን ብሰድ በመንቁሯ ወጋችኝ።"

መዓዛ ከትራሷ ቀና አለች። "ታማ አይደለም፤ መታቀፍ አምሯት ነው። እንቁላል አድርግላታ!"

"ፍሪጅ ውስጥ ከዶራቪል ሱቅ የገዛሁት አለ።"

"አንተ ሰውዬ! እሱ እኮ አውራ ያላየች ዶሮ የጣለችው ነው። ዓመት ብትታቀፈው ይገማል እንጂ አይፈለፈልም" አለችና ሳቀች። ከወደቀችበት ቀን ወዲህ ያልሰማው ሳቅ ነው። ነጋ በመሰደቡ ደስ አለው፤ አሁንም አሁንም በሰደበችኝ አለ በልቡ።

እነሱ ሰፈር አውራ ዶሮ ማርባት ክልክል ነው፤ ሣር አንድ ጣት ሲረዝም ደብዳቤ የሚልክ የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ኤችኦኤ፣ ጩኸቱን ከየት ይችለዋል? ስለዚህ ነጋ ድሮ አብሮት ታክሲ ይነዳ የነበረውን ቶሎሳን አሰበ። ቶሎሳ ከከተማ ራቅ ብሎ መሬት ገዝቷል፤ ዶሮዎቹም አውራ ዶሮውም እንደ ልባቸው ይጮኻሉ። እንቁላሉን ሲሰጠው "ነጋ፣ በስተርጅና ሥራ ቀየርክ እንዴ?" ብሎ ሳቀበት። ይሳቅ።

ትእዛዙ ግን ከአልጋ ላይ ነው የመጣው። የእንቁላሉ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን። ከጭዱ ሥር ምስማርና ከሰል ይቀመጥ፣ መብረቅ እንዳያበላሸው። ደግሞ በማርያም ቀን ይታቀፍ።

"እናቴ ካላንደር አታውቅም ነበር" አለች መዓዛ። "በሃያ አንድ፣ በማርያም ታስታቅፋለች፤ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ጫጩት ነው። ሃያ አንድ ቀን፣ ዝንፍ አይልም።" ከዚያ "እኔም በሚካኤል ቤቴ እገባለሁ። አብረን እናያቸዋለን" አለች። ነጋ ይህችን ቃል እንደ ጽሑፍ ውል ይዟት ወጣ።

ዶሮዋ ተቀመጠች፤ እሱም አጠገቧ ወንበር አስጠግቶ መቀመጥ ለመደ። ጥሬውን ይበትንላታል፣ ውኃዋን ይቀይርላታል፣ ስትቆጣው ይቅርታ ይጠይቃታል። ያን ጊዜ ሁሉ ልቡ ገዳሪፍ ነበር። አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ፣ ስደተኛ ሆነው ሱዳን ሲኖሩ፣ ንብረታችን ብለው የገዙት የመጀመሪያ ነገር ዶሮ ናት፤ አልጋ እንኳ ከሷ በኋላ ነው የመጣው። ዶሮዋ ከአልጋው ሥር ታቀፈች። አንድ ቀን መዓዛ እንቁላል አንሥታ ጆሮው ላይ ለጠፈችበት። "ስማ! እየጠራህ ነው" አለችው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ፀጉሯ ላይ ጭድ ተጣብቋል። እሱ ግን ወንድነቱ ያዘውና እጇን ገፋ አድርጎ "እንቁላል የሚያዳምጥ ወንድ የት አይተሻል?" ብሎ ወጣ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ያቺ የገፋት እጅ አሁን ቆጨችው። ምን ነበረበት ቢሰማላት!

መዓዛም መጀመሪያ ላይ በረታች። ሦስቱ እርምጃ አሥር ሆነ፣ አሥሩ የኮሪደሩን ግማሽ ደረሰ። በእንቁጣጣሽ ማግስት ግን ዎከሩ ምንጣፍ ያዘውና ተንገዳገደች። አልወደቀችም፤ ፍርሃቱ ግን እንደ ገና ወደቀባት። ከዚያ ወዲያ ከአልጋዋ አልወርድም አለች። "እስከ ሚካኤል ጊዜ አለኝ" ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

መስከረም ሰባት ቀን ጠዋት ነጋ ውኃ ሊቀይር ወጣ። ዶሮዋ ከወትሮው ለየት ባለ ዝግ ያለ ድምፅ ታወራለች፤ ከሥሯም የሚመልስላት አለ። እጁን ሰደደና አንዱን እንቁላል አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። ጪው፣ ጪው ይላል። ቅርፊቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ስንጥቅ አለች። ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ደወለላት።

"መዓዚ፣ ጮኹ!"

"ምኖቹ?"

"እንቁላሎቹ ናቸዋ! ሊወጡ ነው!"

"ተው እንጂ፤ ለሚካኤል ገና አምስት ቀን አለው።" ቀኑን ስትቆጥር ይሰማዋል። "ነጋ… ጳጉሜን የት ጣልናት?"

አገር ቤት በክረምት ማንም ዶሮ አያስታቅፍም፤ ዝናቡም መብረቁም አያስወልድም። የእናቷ ቁጥር ጳጉሜን ተሻግሮ አያውቅም፤ መሻገርም አላስፈለገው። ነጋ እንኳ ጳጉሜ ሦስት ቀን የሩፋኤልን ጠበል ብሎ ጓሮው ወጥቶ ዝናብ ተመትቷል። የጳጉሜን ዝናብ በራሱ ላይ አውርዶ እሷኑ ከቁጥር ያስቀራት ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

"ሳላያቸው" አለች መዓዛ። ድምፅዋ ወረደ። "በቃ፣ የኔም ቀን አልፏል ማለት ነው። ለኑሃሚን ፎርሙን ጨርሺው በላት።" ስልኩ ተዘጋ።

ነጋ ጓሮው መሐል ቆሞ ቀረ። ከዚያ ያደረገውን እሱም አላሰበበትም። ያንኑ የተሰነጠቀውን እንቁላል በካልሲ ጠቀለለ፣ ከሸሚዙ ሥር ከቆዳው ጋር አደረገና መኪናው ውስጥ ገባ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው እንደ ጀማሪ ሾፌር ደረቱን ገትሮ፣ ቀበቶውን በአንድ እጁ ከሆዱ አርቆ ነዳ። በመንገዱ ሁሉ ከሸሚዙ ውስጥ ጪው ይለዋል፤ እሱም "አይዞህ፣ ደርሰናል" እያለ ይመልሳል።

ክፍሏ ገብቶ እንቁላሉን ሲያወጣ፣ መዓዛ አየችውና በድንጋጤ አፏን ያዘች።

"አንተ! ከእናቱ ሥር ነቅለህ አመጣኸው? በዚህ የኤሲ ብርድ?" ነጠቀችውና ጋቢዋ ውስጥ፣ ጡቶቿ መሐል ሸጎጠችው። ጆሮዋን ዝቅ አደረገች። ጫጩቱ ጮኸ፤ እሷም ፊቷ በራ፣ እንባዋም መጣ። ነጋ ያቺን የገዳሪፏን ልጅ አያት፤ ጭዱ ብቻ ነው የጎደላት።

"ቶሎ መልሰው፤ ይሞትብናል" አለች።

"አምጪው።"

"ኮሪደሩ እኮ በረዶ ነው! በዚህች ስስ ሸሚዝ? ውጭ ፀሐይ እስኪያገኝ እኔ እይዘዋለሁ። ዎከሩን አምጣ።"

ነጋ አንድ ቃል ቢተነፍስ ሐሳቧን የምትለውጥ መስሎት ዝም ብሎ አቀረበላት። መዓዛ ተነሣች። ሁለት እጆቿ ዎከሩ ላይ፣ እንቁላሉ ደረቷ ላይ። ቴራፒስቷ ከወዲያ ማዶ አይታ ልትሮጥ ስትል ነጋ በእጁ አስቆማት። ጋቢው ውስጥ ጪው ሲል መዓዛ ትራመዳለች፤ ዝም ሲል ቆማ "አለህ?" ትለዋለች፤ ሲመልስላት ደግሞ ትቀጥላለች። ባለፈው የተንገዳገደችበትን ምንጣፍ አላየችውም። ዋናው በር ላይ ደርሳ ፀሐዩ ፊቷን ሲመታት ገና እንቁላሉን አውጥታ ለነጋ ሰጠችውና "ሩጥ!" አለችው። ቴራፒስቷ ከኋላዋ ቆማ ታጨበጭባለች። መዓዛ ለማን እንደሚጨበጨብ እንኳ አልገባትም።

መመለሻው ላይ መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ነጋ ከኋላም ከፊትም ታጥሮ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። እንቁላሉን በሁለት እጁ ይዞ ተነፈሰበት፣ አወራው፣ ሚካኤልን ለመነ። እቤቱ ሲደርስ ሌሎቹ መውጣት ጀምረዋል። ያንን ከእናቱ ሥር መልሶ አደረገውና እስኪመሽ ጠበቀ። አሥሩ ወጡ። እሱ ግን መንቁሩን በስንጥቋ እንዳወጣ ቀረ።

ነጋ ከጽጌረዳው ሥር በማንኪያ ቆፍሮ ቀበረው። ለጫጩት አለቀስኩ ብሎ ለማንም አይናገርም፤ ግን አለቀሰ።

ማታ መዓዛ ደወለች። "ስንት ሆኑ?"

"አሥራ አንድ" አለ።

በሚካኤል ዕለት ኑሃሚን እናቷን በመኪናዋ አምጥታ "ዳድ፣ አይ ካንት ቢሊቭ፣ ደረጃውን ራሷ ወጣች እኮ!" እያለች ገባች። ፎርሙን ቀድዳ ጥላዋለች። መዓዛ ግን አረፍ በይ ቢሏትም አልሰማቻቸውም፤ በዎከሯ ቀጥ ብላ ጓሮ ወጣች። ገብስማዋ ጫጩቶቿን እያስከተለች ሣሩን ትጭራለች።

መዓዛ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረቻቸው። ጨረሰችና እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ነጋ ጫማውን ያያል፤ ጆሮው ግሏል።

ሁለተኛውን ቆጠራ ስትጨርስ ከጽጌረዳው ሥር ወዳለው አዲስ አፈር፣ ከዚያ ወደሱ አየች። አንድ እጇን ከዎከሩ ላይ አነሣችና ክንዱን ያዘች።

"አሥራ አንድ" አለች።